ግጥሜ የተነበበችበት ሌሊት

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ አንዲት ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭና በአጠገቤ አለፈች። «ሌሊቱን ሙሉ የኪነ ጥበብ ዝግጅት! ሥዕል፣ ግጥም፣ ድራማ!» ይላል ማጉያው። አብራኝ የነበረችው አዲሷ የሒሳብ መምህርት «ሌሊቱን ሙሉ? ሰው እንቅልፍ የለውም እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከሷ የተለየ ነበር። ጥቅምት ነው፣ አየሩ ጠርቷል፣ ከከተማው ጀርባ ያለው ገብስ ወርቅ መስሏል። እንዲህ ባለ ጥቅምት እኔም አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ኪነ ጥበብ ላይ አድሬያለሁ፤ ንፋስ መውጫ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ሲሆን፣ የአማርኛ መምህርት ሆኜ ንፋስ መውጫ ስመደብ ከተማዋን የማውቃት በመኪና መስኮት ብቻ ነበር። ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ነፋሱ ከፊት ይገፋኛል፣ ማታ ስመለስ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሮ አሁንም ከፊት ይገፋኛል። ዓይን አፋር ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ለተማሪዎቼ ስሜን የነገርኳቸው ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነው። «መምህር፣ እስኪ በአፍዎ ይበሉት» ያለኝ ተማሪ ነበር፤ ጠመኔዬን አንስቼ ወደሚቀጥለው ነገር አለፍኩ።

የከተማው ወጣቶች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የጥበብ ሌሊት ሊያዘጋጁ ነው ሲባል፣ ግጥም ያለው ሁሉ በር ላይ በተቀመጠው ካርቶን ውስጥ እንዲያስገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ አንዲት አራት መስመር ግጥም ነበረችኝ። ስም ሳልጽፍባት ወረቀቷን አጣጥፌ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኳትና እንደ ሌባ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰው እንዲያደንቀኝ አልነበረም የፈለግሁት። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግሁ፦ እኔ የጻፍኩት ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ምን ይመስላል? የማያውቁኝ ሰዎችስ ሲሰሙት ፊታቸው ምን ይሆናል?

የተከራየሁት እማማ ዝማም ግቢ ነበር። ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ሌሊት? ብቻሽን? አባትሽ እዚህ በር ላይ ቆመው አደራ ብለውኝ?»

«ብዙ ሰው አለ እኮ እማማ።»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ብዙ ሰው አለ።»

እናም አብረውኝ ሊሄዱ ተነሡ። ሲዘጋጁ ሳይ ወፍራም ጋቢ ደረቡ፣ በመሀረብ ቆሎ ቋጠሩ፣ በመጨረሻም ከበሩ ኋላ መቋሚያቸውን አነሡ።

«መቋሚያው ምን ያደርጋል እማማ?»

«ሌሊቱን ሙሉ ነው አላልሽም? ታዲያ በምን ተደግፈን ልናድር ነው?»

ወሩ የጽጌ ወር ነው። እማማ ዝማም የጽጌን ቅዳሜ ሌሊት ሁሉ ማኅሌት ሲሰሙ የሚያድሩ ሰው ናቸው። ሌሊት ሙሉ የሚቆም ዜማና ቅኔ እሳቸው የሚያውቁት እዚያ ነው፤ አንዴ ገብተው ከቆሙ እስኪነጋ መውጣት የለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር አላሰብኩም ነበር። የጥበብ ሌሊት አይቼ አላውቅማ።

ግቢው በር ላይ ሴቶች ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር ይሸጣሉ። እንፋሎቱን ነፋሱ እየነጠቀ ይዞት ይሄዳል። የዚያ አገር፣ የጋይንት፣ ድንች ሲላጥ ልቡ እንደ ዱቄት ይፈርሳል፤ ጣቴን እያቃጠለኝ ሁለት በላሁ። ከወዲያ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፤ የመማሪያ ክፍሎቹ መብራት በርቶባቸው ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ይጎርፋል። በሩ ላይ የቆመውን ወጣት «ግጥም የት ነው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። «መጨረሻው ክፍል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተነብበው ያልቃሉ» አለኝ።

እማማ ዝማም ግን የመጀመሪያው ክፍል ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉ ውስጥ አስማረ የሚባል፣ ከስማዳ ወገዳ የመጣ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ግድግዳውን የሚያህል አቡጀዲ ወጥሮ የወገዳን ገበያ ይሥላል። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ሲነጋ ሊጨርስ ነው ሐሳቡ። ሰዎች ይገባሉ፣ ቆም ብለው ያያሉ፣ «ጎበዝ» ይላሉ፣ ይወጣሉ። እማማ ዝማም በእያንዳንዱ በሚወጣ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«እነዚህ የማን ልጆች ናቸው? ገብተው፣ ዓይተው፣ ውልቅ! ሰው እየሠራላቸው!»

«እማማ፣ ሌላም ክፍል አለ እኮ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ይኑራ። ባለቤቱ ሳይጨርስ፣ ምርቃት ሳይደረግ ከሰው ቤት ይነሣል? እስቴ እንዲህ ነው የምትሠሩት?»

ምን ልበል? እስቴም እንዲህ አንሠራም። ሠርግ ሆነ ማኅበር፣ ሽማግሌ ሳይመርቅ የሚነሣ እንግዳ ዘሩ ይጠየቃል። ቁጭ አልኩ።

አስማረ መጀመሪያ በእኛ መቀመጥ ግራ ተጋባ፤ ብሩሹን ይነክራል፣ ዞር ብሎ ያየናል፣ እንደገና ይነክራል። እማማ ዝማም ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም ሥራቸው።

«የኔ ልጅ፣ የዚያ አህያ ጆሮ ምነው አንድ ሆነ?»

«ሌላው ገና ነው እማማ።»

«እሺ። ያቺ ሴትዮስ ባዶ እጇን ገበያ ትሄዳለች?»

አስማረ ሥዕሉን ትክ ብሎ ተመለከተ። «እየተመለሰች ነው።»

«ሸጣ?»

«ሸጣ።»

«ታዲያ ምነው ፊቷ ጠቆረ?»

አስማረ ሳቀ፤ ከዚያ በእውነት ማሰብ ጀመረ። ብሩሹን ቀይሮ ወደ ሴትዮዋ ፊት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ አላየንም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳይ ባድር ደስ ባለኝ፤ ምንም ካልነበረበት አቡጀዲ ላይ ሰው ሲወጣ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ያን ሌሊት ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ከመጨረሻው ክፍል አልፎ አልፎ ጭብጨባ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲነሣ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይሰማል። ጭብጨባ በመጣ ቁጥር «ይሄ የኔ ይሆን?» እላለሁ። ዝም ሲልም «ይሄስ የኔ ይሆን?» እላለሁ። እማማ ዝማም ቆሎ ይሰጡኛል፤ እይዘዋለሁ እንጂ አልቆረጥምም።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የያዝኩት ቆሎ በላብ ረጠበ።

«እማማ» አልኩ።

«አቤት።»

«እዚያ ክፍል ውስጥ… የኔ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን ጥለሽ መጣሽ?»

«ግጥም። እኔ የጻፍኳት። ሊያነቧት ነው፤ ምናልባት አንብበዋታል። ማንም አያውቅም። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

ይህን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነበር። እማማ ዝማም መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ገጭ አደረጉ።

«ታዲያ እስከ አሁን አፍሽን ምን ያዘው? ሰው የራሱን ድግስ ትቶ የሰው ድግስ ይጠብቃል?» ተነሡና ወደ ሠዓሊው ዞሩ። «ልጄ፣ ሳትጨርስ ስመርቅህ ይቅር በለኝ፣ የምትወልድ ሴት ይዤ ነው። እጅህን አይያዘው። ያየኸው አይጥፋብህ። የአህያውን ጆሮ አደራ!»

አስማረ ብሩሹን እንደ ያዘ ጎንበስ ብሎ «አሜን» አለ።

ወደ መጨረሻው ክፍል በነፋስ እየተገፋን ሄድን። ስንገባ ሰው ሞልቶ ነበር፤ መድረኩ ላይ ግን ማንም የለም። አንባቢው ወጣት ግጥሞቹን ጨርሶ፣ ወረቀቶቹን ይዞ ለድራማው ልብስ ሊቀይር ሄዷል። የቀረው ሰው ወደ ድራማው ለመሄድ እየተነሣ ነው። አለቀ ማለት ነው። ከፊቴ የተቀመጠችውን ልጅ «ስለ ነፋስ የምትል ነበረች?» ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

እማማ ዝማም ግን ድምፅ ነበራቸው።

«እናንተ ልጆች! ያመለጠችን ግጥም አለች፣ ትደገምልን!»

«የማን ናት እማማ?» አለ አንዱ።

«የማን እንደ ሆነች እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች» አሉ እማማ ዝማም፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። «ስለ ምን ነበረች?» ሲሉኝ፣ ከነጠላው ውስጥ «ስለ ነፋስ» አልኩ።

«አንባቢው ወረቀቱን ይዞ ሄዷላ!» አለች ከፊቴ ያለችው ልጅ።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ጥግ፣ ጋቢ ተከናንበው ያንቀላፉ የመሰሉኝ ሰው ቀና አሉ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጢማቸው ገና ግማሹ የሸበተ ነው። ከታች ጋይንት ለጉዳይ መጥተው ከተማ ያደሩ የቅኔ መምህር መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት።

«ወረቀቱ ቢሄድ ምን ይሆናል? አንድ ጊዜ ተነግሯል አይደለም?» አሉ። «ያቺ ንፋስ መውጫ ስገባ የምትለው ናት?»

እማማ ዝማም ወደ እኔ አዩ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

«እሷ ናት፣ የኔታ» አሉ እማማ ዝማም።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሰሟትን ግጥም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደሚያዜም ሰው እየጎተቱ አሏት፦

ንፋስ መውጫ ስገባ፣ ንፋሱ ተቀበለኝ፣
ነጠላዬን ጎትቶ፣ የማን ልጅ ነሽ እያለኝ።
እኔ መልሱን ስፈልግ፣ እሱ ጥሎኝ ነጎደ፤
ስሜን ካፌ ቀምቶ፣ ወደ ቆላ ወረደ።

«ይበል! ይበል!» አለ ሰው። አንዱ አግዳሚ መታ። እማማ ዝማም እልል አሉ።

የመጨረሻዋን መስመር ግን እኔ አልጻፍኳትም። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ከበሩ ላይ ቀረሁኝ፣ ስሜ አፌ ላይ ከበደ።»

ከፊቴ ያለችው ልጅ ለጓደኛዋ «ቅድም ሲያነባት እኮ እንዲህ አልጣመችኝም» ስትል ሰማሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም። ሰው ይበል ያለው እኔን ነው ወይስ የኔታን? ሦስቱ መስመር የኔ ነው። አራተኛውም ያለ ሦስቱ አይቆምም። ግን አራተኛው…

ሰው ወደ ድራማው ሲፈስ የኔታ በሩ ላይ ጫማቸውን እያስተካከሉ ነበር። እንዴት እንደ ደፈርኩ ዛሬም አላውቅም፤ ፊታቸው ቆምኩ።

«የኔታ፣ መጨረሻዋ… እንደዚያ ነበረች እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ ይኑር አይኑር ጨለማው አላሳየኝም።

«እኔ የሰማኋት እንደዚያ ነው» አሉ። ደግሞም ጠየቁኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ስሜን ነገርኳቸው። የአባቴን ስም፣ አገሬን፣ የማስተምርበትንም ነገርኳቸው፤ ነፋሱ እየጮኸ ስለነበር ጮክ ብዬ። «ይባርክሽ» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ማደሪያቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ድራማውን አየን፣ ማሲንቆ ሰማን፣ ሲነጋጋ ተመለስን። እማማ ዝማም መንገድ ላይ «ካለ መቋሚያ ይሄን ሌሊት ትችይው ነበር?» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አልተደገፉበትም።

እነሆ ብዙ ዓመት ሆነ። ዛሬ የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ አሁንም አማርኛ አስተምራለሁ፣ ጥቂት ግጥሞችም ታትመውልኛል። ያቺን ግጥም ግን እስከ ዛሬ ለኅትመት አልሰጠኋትም፤ አራተኛዋ መስመር ላይ ስደርስ እቆማለሁ። የኔታ ረስተው ይሆን? አርመዋት ይሆን? ወይስ እንዳሉት እንደዚያ ሰምተዋት ይሆን? ያነበበው ወጣት ተሳስቶ አንብቦም ይሆናል፤ ፈልጌ አልጠየቅሁትም። አንዳንዴ የማላውቀው ነገር እንዲኖረኝ የፈለግሁ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ተማሪዎቼ በቃል ያጠኑትን ግጥም ክፍል ውስጥ ሲወጡት መስመር ይለውጣሉ። ድሮ «ተሳስተሃል» ብዬ ከመሐል አቋርጥ ነበር። አሁን እስኪጨርሱ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ከዚያ ያቺን መስመር እንደገና እንዲሏት እጠይቃቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ናት። ሁልጊዜ ግን አይደለም።