እንዲሸነፉ የተሳልኩት መጋረጃ

ማሊያዎቹ ቤቴ የመጡት በጥቁር ፌስታል ተጠቅጥቀው ነው። ልጄ ፌስታሉን የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረገፈችውና «እማዬ፣ ቁጥሮቹ በአንድ እጥበት ተላጡ። አሰልጣኛችን እናትሽ ልብስ ሰፊ ናት አይደል ወይ አለኝ» አለች። አሥራ ሁለት ማሊያ ነበር። የአንዱ ሰባት ቁጥር ግማሹ ተገንጥሎ አንድ መስሏል፤ የሌላው ስምንት እንደ ድንች ልጣጭ ተንጠልጥሏል።

ልጄ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች፤ ለኮሌጁም ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር ቢኖር መስኮት እንደሚሰብር ብቻ ነበር። ጌጃ ሰፈር፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ቁጥሮቹን ከነጭ ጨርቅ ቆርጬ ዙሪያቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፋኋቸው። ቅዳሜ ደግሞ ክሩ መያዝ አለመያዙን ለማየት ጨዋታቸው ላይ ሄድኩ። ቲፎዞ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ ለኳሱ ሳይሆን ለክሩ ብዬ።

ሜዳው ሲሚንቶ ነው። ልጆቹ በዚያ ላይ ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ በጉልበታቸው ይወድቃሉ፣ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ተነስተው ደግሞ ይሮጣሉ። ልጄ ኳሱን እያነጠረች በሁለት ረጃጅም ልጆች መሃል ስትገባ፣ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ቀስ በይ!» ብዬ ጮኽኩ።

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «ማዘር፣ ቀስ ካለችማ ይቀሟታል!» አለኝ።

ጓደኛው ደግሞ «ተዋቸው ባክህ፣ አዲሷ አሰልጣኝ ናቸው» አለው።

አፍሬ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ግን ልጄ እንደገና ኳስ ስትይዝ ደግሞ አመለጠኝ። በሦስተኛው ጊዜ እኔን አልጠበቁም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው በአንድ ድምፅ «ቀስ በይ!» አሉ። ያን ቀን ቡድናችን ተሸነፈ። ቁጥሮቹ ግን አልተላጡም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን በጊዜ እዘጋ ጀመር። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩን ዘግቼ ቢያገኘኝ «ጨዋታ አለብን» እለዋለሁ። አለብን! ራሴም ስሰማው ይገርመኝ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጡት የአምበሏ እናት ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ወሎ ተወልደው እዚህ የኖሩ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የሲሚንቶው ደረጃ እንዳይበርደን ከሱቃቸው የተረፈ ወፍራም ጨርቅ አጣጥፈው ያመጡና ግማሹን ለኔ ያነጥፉልኛል። ጨዋታውን እንደ ሱቃቸው ያውቁታል። ዳኛው እጁን ለምን እንዳነሳ፣ ማን ተቀያሪ እንደሆነች፣ የትኛዋ ደክማ መውጣት እንዳለባት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ አንድ ልጅ በወደቀች ቁጥር እጃቸውን ጭምድድ አድርጌ ስይዝ «አብሽሪ፣ እህቴ፣ አብሽሪ። አጥንታቸው እንደኛ አይደለም፣ ገና ጎማ ነው» ይሉኛል።

ስለ ነፃ ውርወራም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዷ ሌላዋን ስትገፋ፣ የተገፋችው ብቻዋን መስመሩ ላይ ትቆምና ማንም ሳይነካት ትወረውራለች። ያን ጊዜ የኛ ተማሪዎች ጸጥ ይላሉ። ልጄ ኳሱን ሁለቴ ታነጥርና እኔ ወዳለሁበት ዞር ትላለች። እኔ ብቻዬን፣ ሳልጮህ፣ «ቀስ በይ» እላለሁ። ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ትወረውራለች። ብዙ ጊዜ ይገባል። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ እንዲሁ ልማድ ሆነ። አንድ ቀን ቆሎ አፌ ውስጥ ስለነበር ዘገየሁ፤ ቆሎውን ውጬ እስክናገር ድረስ ኳሱን እንደያዘች ጠበቀችኝ፤ ዳኛውም ተቆጣ። እኔ፣ ፍርሃት ብቻ የማውቀው ሴት፣ ፍርሃቴ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማሸነፍ ጀመሩ። ማሸነፉን ተከትሎ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ።

አንድ ማክሰኞ ልጄ በር ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያጠበች «እማዬ፣ ለጅማው ውድድር እኮ ደረስን! ቅዳሜ ካሸነፍን ዋንጫችንን ይዘን ነው የምንሄደው» አለችኝ። ከዚያ በኋላም ብዙ ተናገረች። እኔ ግን ከ«ጅማ» በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ታናሽ ወንድሜን ያጣሁት በጅማ መንገድ ነው። ለጓደኛው ሰርግ ብሎ ሄዶ፣ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ የተሳፈረበት መኪና ፍሬን እምቢ አለው። ልጄ ያኔ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። አጎት እንደነበራት ታውቃለች፣ በመኪና እንደሞተም ታውቃለች፤ የት እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም። የመንገድ ስም ቤት ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም ነበር።

አትሄጂም ማለት እችል ነበር። ግን ይህችን ልጅ ስንት ነገር ከልክያታለሁ። ሳይክል አትንጂ፣ ከክፍልሽ ልጆች ጋር ላንጋኖ አትሂጂ፣ ዝናብ ሲጥል አስፋልት አትሻገሪ። ሃያ ዓመት እስኪሞላት ከአዲስ አበባ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። አሁንም እኔው ከምከለክላት ሌላ ቢከለክልልኝ ፈለግኩ።

በማግስቱ ልደታ ማርያም ሄድኩ። ግንቡን ተሳለምኩና ግንባሬን እዚያው እንዳስደገፍኩ «እመቤቴ፣ ቅዳሜ ተሸንፈው ልጄ ቤቷ ከቀረችልኝ መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ አመጣልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ሐኪም ቤት ለተኛ ልጇ እያለቀሰች ትለምን ነበር። የሷን ልመና ከሰማሁ በኋላ የኔው አሳፈረኝ። ቃሌን ግን አልመለስኩትም። ስለት ከአፍ ከወጣ በኋላ እንደገና የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ የኮሌጁ ግቢ ለሰው አይበቃም ነበር። የአምበሏ እናት መቁጠሪያቸውን ይዘው ዱአ ያደርጋሉ፤ በአንድ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳቸው እንዲያሸንፉ፣ እኔ እንዲሸነፉ እንለምናለን። ጨዋታው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያለ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየተመራን ልጄ ኳስ ይዛ ገባች፤ ገፏት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሁለት ነፃ ውርወራ። አንዱ ከገባ እኩል፣ ሁለቱም ከገቡ ዋንጫው የኛ።

ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ። ልጄ ኳሱን ሁለቴ አነጠረችና ዞረች።

እኔ ዝም አልኩ።

ጠበቀች። ዳኛው በእጁ ቶሎ በይ የሚል ምልክት ሰጣት። ወረወረች፤ ኳሱ የቅርጫቱን ብረት ነክቶ ወደ ውጭ ተመለሰ። እንደገና ኳሱን ሰጧት፤ እንደገና ዞረች። ከኋላዬ ያ ጎረምሳ በሹክሹክታ «ማዘር፣ በሏት እንጂ! ማዘር!» ይለኛል። የአምበሏ እናት ክንዴን ይነቀንቃሉ። አፌ አልከፈት አለኝ ብል ውሸት ይሆናል። ይከፈት ነበር፤ ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውም ሳተ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ዓይኗ አብጦ፣ ማሊያዋን እንኳ ሳትቀይር ቆማ «ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ» አለችኝ።

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አልኳት።

ወደ ጓዳ ገባችና ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ይዛልኝ መጣች። ጠጣሁት።

ስለት ከሰመረ ማዘግየት ደግ አይደለም። ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ያለው የአምበሏ እናት ሱቅ ነው። ሌላ ቦታ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ይዤ ሳልፍ ቢያዩኝስ ብዬ ስጨነቅ ቆየሁና እሳቸው ጋ ሄድኩ።

«ምን ልትሰሪበት ነው?» አሉኝ ጨርቁን እየዘረጉ።

«ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ እትዬ። ስለት ነበረብኝ።»

«ሰመረልሽ?»

«አዎ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!» መቀሱን ካሳረፉበት ቦታ አንስተው አንድ ክንድ ያህል ገፋ አደረጉትና ቆረጡ። «ይቺ የኔ ናት። በደግ ነገር ላይ እጄ ይግባ።» ጨርቁን እያጠፉ «ለመሆኑ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመርሽ?» አሉ።

«የምን ስንቅ?»

«የጅማው ነዋ! አልነገረችሽም እንዴ? አንደኛ የወጣውም ሁለተኛ የወጣውም ይሄዳል እኮ። ለቅዳሜው ጨዋታ ሲያልፉ ጊዜ መንገዱ የነሱ ሆነ። የቅዳሜው ለዋንጫው ብቻ ነበር።»

ጨርቁን ተቀበልኩ። አመሰገንኩ መሰለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ልጄ ያን ማክሰኞ ካልሲዋን እያጠበች የተናገረችው ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ነግራኝ ነበር። ሰሚው ነበር የጠፋው። ልጄ መንገዷን አልተቀማችም፤ የተቀማችው ዋንጫውን ነው፤ የቀማኋትም እኔ ነኝ።

መጋረጃውን ስዘመዝም ልጄ መጣች። በማሊያዎቹ ላይ ቁጥር የሰፋሁበት መኪና ላይ ነበርኩ። የጨርቁን ጫፍ መሬት እንዳይነካ ያዘችልኝና «ለማን ነው?» አለች።

«ለልደታ።»

«ምን ተስለሽ ነው?»

እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ። «እንድትሸነፉ» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። ወንድሜን፣ ሰርጉን፣ ጊቤን፣ ፍሬኑን፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ጨርቁን ሳትለቅ ሰማችኝ። ስጨርስ ያለችው ስለ አጎቷ አልነበረም።

«ጉሮሮሽን አሞሽ መስሎኝ ሻይ አፈላሁልሽ እኮ» አለች።

ጨርቁን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ ብቻ ሆነ። መጋረጃውን ብቻዬን ወሰድኩ። ስለት ተቀባዩ አባት ጨርቁን ገለጥ አድርገው አይተው «ስለቷ ደርሶላት ነው» ሲሉ በአካባቢው የነበሩ ሴቶች እልል አሉልኝ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ። «እመቤቴ፣ ይሄ ያለፈው ነው» አልኳት በልቤ። «ለሚመጣው መጋረጃም አልሳልም፣ ጧፍም አልሳልም። መልሽልኝ ብቻ።»

የሚሄዱበት ቀን ማለዳ ኮሌጁ በር ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። ልጄ ሻንጣዋን እንድይዝላት አልፈቀደችም። ጉንጬን ሳም አድርጋኝ ገባች። እኔ አውቶቡሱን ዞርኩት፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱን በጫማዬ ነካ ነካ አደረግኩት።

ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ከትራፊክ ነው የመጡት?» አለኝ።

የአምበሏ እናት ከኋላዬ ሆነው «አብሽሪ፣ ፍሬኑንም ፈታተህ አሳየኝ በይው!» ብለው ሳቁ። ስለ ፍሬኑ እሳቸው ምንም አያውቁም። የአውቶቡሱን በር ብረት ይዤ ቆምኩ።

ሞተሩ ተነሳ። ከኋላ በኩል አንድ መስኮት ተንሸራተተና የልጄ ራስ ብቅ አለ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «በይው እንጂ! ዛሬም ጉሮሮሽን አመመሽ?»

ወደ ሾፌሩ ዞርኩ። «ቀስ በል!» አልኩት፤ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ የሚሰማ ነበር። ልጆቹ ሁሉ፣ አሥራ ሁለቱም፣ ከውስጥ «ቀስ በል!» አሉት። ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና ነዳው፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ በእውነትም ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

ሱቄን ከፈትኩ። ስልኬን የስፌት መኪናው ላይ፣ ከመርፌው አጠገብ አኖርኩ። አንድ ደንበኛ ያመጣውን ሱሪ አንዱን እግር ሁለቴ አሳጠርኩት፤ መልሼ ፈታሁት። ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ቁልቁለቱን ልንጀምር ነው» አለች ልጄ። «ስልኩን አልዘጋውም፤ አዳምጪ።»

አዳመጥኩ። ሞተሩ ያቃስታል፤ ከሱ በላይ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ በየመታጠፊያው እየሳቁ፣ እያጨበጨቡ፣ «ቀስ በል! ቀስ በል!» ይሉታል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን፣ እኔም ከነሱ ጋር እያልኩ ወረድኩ።