ያጋልኩት መቀስ

ባለፈው ቅዳሜ ምራቴ የፕላስቲክ ጀሪካን ልትቆርጥ ቢላዬን ምድጃ ላይ ስታግል ደረስኩባትና ጮህኩባት። ደነገጠች። ለአንድ ቢላዋ ይህን ያህል መቆጣቴ ምን ይሉታል?

ጦርነት የሸሹ ሰዎች ድንበር ተሻግረው የሐርተሼክን የስደተኞች ካምፕ ባጥለቀለቁበት ዓመት፣ ከጅጅጋ ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። በጋ ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ላምባ በጣሳ ይታደላል። ቁርሳችን ላሁህ የሚሉት የሶማሌ ስስ ቂጣ በሻይ፤ አቧራው በነጻ። መቀስ ቀቅሎ ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት ምድጃ ማንደድ ያስፈልግ ነበር። እኔ ዘዴ አገኘሁ፤ ስለቱን ነበልባል ላይ እስኪቀላ ማጋል። አንድ ደቂቃ! ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ ይሆናል፤ እኔም በብልሃቴ እኮራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳህራ የምትባል ወጣት በምጥ ተይዛ መጣች። የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲል እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ላላላው ብል እምቢ አለኝ። በሁለት መቆንጠጫ ይዤ መቀሱን አስገባሁ። አልቆረጠም። ደግሜ ጨመቅኩት፤ እትብቱ በስለቶቹ መሀል ታጠፈ እንጂ አልተበጠሰም። የሕፃኑ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ገደልኩት፣ አልኩ በልቤ።

የካምፑ የልምድ አዋላጅ ሐዋ አጠገቤ ነበሩ። ሁላችንም በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እንላቸዋለን።

«ምን ሆንሽ?»

«አይቆርጥም፣ ኤዶ!»

«ዞር በይ፣ ልጄ።»

የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ገና ከወረቀቱ ያልወጣ ምላጭ አወጡ። አልኮል አፈሰስኩበት። ጣታቸውን ከእትብቱ ሥር አስገቡና አንዴ ሳብ አድርገው ቆረጡት። ሕፃኑ ወጣ፤ ድምፅ የለም። አፉን ጠረግኩ፣ ጀርባውን አሸሁ፣ እንደገና አሸሁ። በመጨረሻ አለቀሰ። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከወር በኋላ ጅጅጋ ያለ አንድ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነገሩን አስረዳኝ።

«የድስትና የመቀስ አይዝጌ ብረት አንድ አይደለም» አለኝ። «መቀሱ የጠነከረው በኃይል ግሎ ወዲያው እንዲቀዘቅዝ ስለተደረገ ነው። አንቺ መልሰሽ ስታግይው ጥንካሬው ይሄዳል። ከዚያ ብትስይውም ስለቱ አይቆይም።»

ምላጩም የዚያው ዘር ብረት ነው። የሚለየው እኔ እጅ ባለመግባቱ ነበር።

ያን ዕለት ኤዶ ሐዋ መቀሱ ምን ነካው ብለው ሲጠይቁኝ «አሮጌ ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስም ተማሪዎቼን «አንዲት ነርስ እንዲህ አድርጋ ነበር» እያልኩ አስተማርኩ።

ቅዳሜ ለምራቴም «አንዲት ነርስ» ብዬ ጀመርኩ። ፊቷን ሳየው መቀጠል አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «መቀሱም አዲስ ነበር።»