ከታማሚው አንደበት

ወጌሻነትን ማንም ሳያስተምረኝ በማየት ነው የለመድኩት። ሠራዊት መጥቶ ጎባ ከሰፈረ ወዲህ ራሱን የተፈነከተ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። መቼም ያለ ምስክር አልጀምርም፤ የተሰበረ አጥንት ለማውጣት የራስ ቅል ከመክፈቴ በፊት ታማሚው በሽማግሌዎች ፊት «ብሞት ደሜ አይፈለግ» ማለት አለበት። ይህን ሳይል ከሞተ ዘመዶቹ ደሙን ከእኔ ይፈልጋሉ።

አንድ ጭጋጋማ ቀን የማላውቀው ጎልማሳ ጓደኛዬ ነው ያለውን ሰው ከገሰራ በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። የታማሚው ጭንቅላት በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ አይናገርም።

«ቃሉን እኔ ልበልለት» አለኝ ጎልማሳው።

«አይሆንም አያ፤ ነፍሷ የእሱ ናት እንጂ የእርስዎ አይደለችም።»

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ሲቀመጡ ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ «በል እንጂ ወንድሜ፣ እየጠበቁህ ነው» እያለ ለመነው። ሽማግሌዎቹ ሰልችቷቸው ሊነሡ ሲሉ ታማሚው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ደሜ አይፈለግ» አለ። «ብሞት» የምትለዋን ግን ዘለላት።

ጨርቁን ስፈታ አንገቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀዝቅዟል። ቅሉን ደግሞ ሌላ ወጌሻ ቀድሞኝ ከፍቶታል።

ጎልማሳው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ሰምታችኋል» አለ። «ትናንት ሳልጠይቀው የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያኔውኑ እጄ ላይ ነው የሞተው።»