ከተነሱ ስንት ደቂቃ ሆነ?

ባለጀልባው በየዓመቱ ሰው ወደማይኖርባት ደሴት የሚያደርሳት ሴትዮ መቀመጥ አይሆንላትም። መቀመጫው እሾህ የሆነባት ይመስል ቆማ ነው የምትሄደው። "ይቺንስ እናቷ እየሮጠች ነው የወለደቻት" ይላል በሆዱ።

ሥራዋ የባሕር ወፎችን ጎጆ መቁጠር ነው። ወፎቹ ሰው ሲያዩ ከእንቁላላቸው ላይ ይነሳሉ፤ ባዶ ድንጋይ ላይ የቀረውን እንቁላል ደግሞ ፀሐይ አሥር ደቂቃ አትምረውም። ስለዚህ እንቁላል እንዳትረግጥ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ትጣደፋለች። ሰዓቷንም ፈትታ ለባለጀልባው ትሰጠዋለች።

"ወንድሜ፣ ከተነሱ ስንት ደቂቃ ሆነ?"

"ሰባት።"

"በቃ፣ እንውጣላቸው!"

ዘንድሮም እንደዚሁ ተጣድፈው ወጡ። ጀልባዋ ስትርቅ ወፎቹ እየተንጫጩ ወደየእንቁላላቸው ተመለሱ። ሴትዮዋ የመጨረሻው ወፍ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ባለጀልባው ሰዓቷን እየመለሰላት፣

"እህቴ፣ ለመሆኑ ልጅ አለሽ?" አላት።

"አንድ።"

"ታዲያ ማን ጋ ትተሽው መጣሽ?"

ሰዓቱን እጇ ላይ አላሰረችውም። አገላብጣ አየችውና፣

"እኔ ከላዩ ከተነሳሁማ" አለች፣ "ዘጠኝ ዓመቴ።"