ለቻይና ብዬ ከላላ ገበያ ላይ ዝም ያልኩበት ቀን

ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ከፍቼ ያለ ትምህርት የጠገንኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጃችን ከቻይና ደውላ «አባባ፣ ከእማማ ጋር መጥታችሁ አንድ ወር እረፉ» ስትለኝ የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም። ሞባይል መካነ ሰላም ከገባ ጥቂት ዓመቱ ነበር። ልጃችን ጓንግዡ በሚባል ከተማ ልብስ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። ቀን ቀን ሥራ ስለማይለቃት ብቻችንን እንደምንውል ግን አስቀድማ ነገረችን።

ዝግጅቱን እኔው መራሁት። ለፓስፖርቱ አዲስ አበባ ድረስ ተመላለስኩ። ልጄ በቻይንኛ አስጽፋ የላከችውን አድራሻ ሁለት ቦታ አስገልብጬ አንዱን በኮቴ ኪስ፣ አንዱን በባለቤቴ መቀነት ውስጥ አኖርኩ። የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ የሚናገር ሌላ ወረቀትም ነበረን፤ ለክፉ ቀን ደግሞ በሶና ጭኮ ቋጠርን። የቻይኖቹን አቆጣጠር እንደሆነ አውቀዋለሁ። ቻይኖች የአገራችንን መንገድ ሲሠሩ ዕቃ ቤታቸውን ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። እነሱ እስከ አሥር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ፤ ስድስት ሲሉ አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግተው ሌሎቹን ያጥፋሉ። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም።

«እርስዎ ምላስዎን ተማምነው ነው» አለችኝ። «እዚያ ምላስዎ አይሠራም። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ ቤት ተዘግቶብኝ አልቀመጥም። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ነጭ ሽንኩርት ገዝተው ያሳዩኝ። አለዚያ ብቻዎን ይሂዱ።»

ልጇን በዓይኗ ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ብቻዬን ሄጄ «እናትሽ ፈርታ ቀረች» እንዴት እላለሁ? እሺ አልኩ። መካነ ሰላም ላይ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀኝ የከላላን ገበያ መረጥን። ከመኪና ከወረድን ጀምሮ እስክንመለስ ሁለታችንም ላንናገር ተስማማን፤ እሷም ዘንቢሏን ይዛ በሌላ በኩል ሄደች።

ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ፊት ቆሜ የቻይናውን ስድስት አሳየኋት።

«ምን ይላሉ እኝህ ሰውዬ? ስልክ ደውይልኝ ነው?» አለች።

«ደውይላቸው እንጂ!» አለች ጎረቤቷ። «ሚስታቸው ጠፍታባቸው ይሆናል!»

ሳቁብኝ። እጄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ ይበልጥ ሳቁ። በዚህ መሃል ከኋላዬ «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በልጅነታችን አብሮኝ ቁርኣን የቀራ ወዳጄ ነው። ሰላምታ አለመመለስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ባለቤቴ ከቻይናው ጉዞ እንዳትቀር ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«ምን ነካህ?» አለ። «ያ ምላስ ተያዘ እንዴ? ወይኔ ወንድሜን!»

ጎትቶ የጨው ከረጢት ላይ አስቀመጠኝ። ከመካነ ሰላም ለገበያ የመጣ ሰው ሁሉ ከበበን።

«ለሰው የሚደርስ ሰው ነበር» አለ አንዱ።

«ነበር፤ ግን አፉን ከከፈተ አይዘጋም» አለ ሌላው። «ሬዲዮዬን የሠራልኝ ቀን እስኪመሽ አውርቶብኛል። ሬዲዮው መናገር የጀመረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።»

እንደ ሞተ ሰው ሲያወሩብኝ ተቀምጬ ሰማሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የሚያከብረኝ በማውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከማውቀው አንዲት ነገር መናገር አልቻልኩም፤ እነሱ ግን አልሄዱም። የሳቀችብኝ ሻጭ እንኳ ሽንኩርቷን ትታ ውሃ አመጣችልኝ። ወዳጄ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ። «ያ ረቢ፣ ምላሱን መልስለት፤ ሲያደክመን የኖረ ቢሆንም እንወደዋለን» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

«አሚን!» አልኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮኼ።

ገበያው ተናወጠ። «ተናገረ!» እያሉ አቀፉኝ። ውሸቱን ተሸክሜ መሄድ ስላልቻልኩ እውነቱን አፈረጥኩት። ወዳጄ ዓይኑን እየጠረገ አፈጠጠብኝ።

«ገና ሳትሄድ ሰላምታ ከነፈግከን ስትመለስማ አታውቀንም!»

«አፉ በለኝ» አልኩት።

«አፉ ብያለሁ። ያለቀስኩትን እንባ ግን ቻይና ሄደህ አምጣልኝ።»

ባለቤቴን መኪናው ዘንድ አገኘኋት። ዘንቢሏ ሞልቷል፤ አንዲት ቃል አልወጣትም ነበር። መሸነፌን ነግሬ እንዴት እንደገዛች ጠየቅኋት።

«ሽንኩርቱን አነሳሁ፣ ብሩን ዘረጋሁ። ሲያንስብኝ አንድ ራስ ጨመርኩ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ አለቀ» አለች። ቀጥላም «እሄዳለሁ። እርስዎ ከኋላዬ ሆነው ዘንቢሉን ይይዙልኛል» አለችኝ።

እንዲያ ሆኖ ሄድን። ጓንግዡ ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ ሆነን ገበያ ወጣን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ምላሴ ቢያዝ የሚያለቅስልኝ እንደሌለ አሰብኩ፤ ወዳጄም ናፈቀኝ። ነጭ ሽንኩርት ሻጩ ዘንድ ስንደርስ ባለቤቴ ስንት እንደምትፈልግ ማስረዳት አቅቷት ዞር ብላ አየችኝ። ዘንቢሉን አስቀምጬ አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን ዘረጋሁ። ሰውዬው ስድስት ራስ ቆጥሮ ሰጠን፤ አንድም አላጎደለ።

«ጣትዎስ ከምላስዎ ይሻላል» አለችኝና ዘንቢሉን ራሷ አነሳች።