ሻይ የመሰለው የዓሣ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከሚዛን ተፈሪ አጠገብ፣ አማን ከተማ ከሚገኝ አንድ ሆቴል ገብቼ ሰው ስጠብቅ፣ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለው አኳሪየም ውሃው ቀላ ብሎ ሻይ መስሎ አየሁት። መሃሉ ላይ ጠማማ የዛፍ ሥር ተጋድሟል። አስተናጋጇ «ቆሽሾ እኮ አይደለም፤ እንጨቱ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» ለማለት አፍሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሚዛን ተፈሪ ሳለን ከሳሮን ጋር አጥር ለአጥር ጎረቤታሞች ነበርን። ትምህርት ቤት የምንሄደው በአንድ ጃንጥላ ነው፤ እርጥብ ዩኒፎርማችን የሚሸተው ሽታ እንኳ አንድ ነበር። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ የአንዲት ቤዛ የምትባል ልጅ አባት በሥራ ተዛውረው ወደ ሰፈራችን መጡ። ቤዛም አኳሪየሟን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሳሮን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጃንጥላውን ለእኔ ትታ ወደ ቤዛ ቤት መታጠፍ ጀመረች። እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ስደርስ ግን ለዓሣዎቹ ሁሉ ስም አውጥተው ጨርሰዋል።

አንድ ቅዳሜ ያለ እኔ ወንዝ ወርደው፣ ጎርፍ ልጦ እንደ ቀንድ ያለሰለሰውን የዛፍ ሥር ይዘው መጡ። አጥበው አኳሪየሙ ውስጥ ከተቱት። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ቀልቶ ዓሣዎቹ አልታይ አሉ።

«ዓሣዎችሽ ሻይ አፈሉ እንዴ?» አለቻት ሳሮን።

ቤዛ ግን አለቀሰች። ውሃውን ብትቀይረውም መልሶ ይቀላል። አባቷ «ካልጠራ ለሰው እሰጠዋለሁ» ብለዋታል። የሚታይ ዓሣ ሲጠፋ ሳሮን ወደ ጃንጥላዬ ተመለሰች።

እኔ መላውን አውቀው ነበር። እናቴ አዲስ ገበቴ ስትገዛ ወዲያው ሊጥ አታቦካበትም። የፈላ ውሃ ትሞላበታለች፤ ሲቀላ ትደፋና ደግማ ትሞላለች። «እንጨት የጠጣውን ሳይተፋ ምግብ አይሰጡትም» ትላለች። ብናገር ሳሮን ትሄድብኛለች፤ ዝም ብል ዓሣዎቹ ይሄዱና ሳሮን ትቀርልኛለች።

«አንቺ፣ ቤዛ እኮ ምሳዋን መብላት ተወች» አለችኝ ሳሮን በመንገድ ላይ። ድምጿ ተሰብሯል። ለእኔ እንዲህ አዝና አታውቅም።

«መቀቀል ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዓሣውን?»

«እንጨቱን!»

በትልቅ ድስት ቀቀልነው። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ደፋነው። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣው ድረስ እየደፋን ቀቀልን። የአኳሪየሙንም ውሃ ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀዳን ለወጥን። በመጨረሻ ውሃው ጠራ። እኔ ከወዲህ ጆግ ይዤ ቆሜያለሁ፤ በመስታወቱ ማዶ የሳሮንና የቤዛ ጉንጮች ተጣብቀው፣ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ። «ቤዛዬ፣ ሁሉም አሉ!» አለች ሳሮን።

ዛሬ ሳሮን ቴፒ ናት። ከባሏ ጋር ስትኮራረፍ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ እስኪወጣላት እሰማታለሁ፣ የመሰለኝንም እነግራታለሁ። ሰሞኑን የልጇን ልደት ፎቶ ላከችልኝ። ቤዛ ከኬኩ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ቴፒ ሩቅ አይደለም፤ ብትጠራኝ በጠዋት ተሳፍሬ እደርስ ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ልጅ ሳለሁ ቅናቴ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር፤ አሁን መደበቁን ችዬበታለሁ። ከዚያ ፎቶውን በጣቶቼ አሳድጌ፣ ኬኩን የሚቆርጠውን ቢላ ማን እንደያዘው ፈለግሁ።

ሳሮንና ቤዛ አብረው ይዘውታል።