እጁ የማን ነበር?

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ በግራ እጇ ሁለት ጣት የላትም። የምትሠራበት ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ነው የወሰደባት። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጣቶቿ መቆረጥ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ሁሉ የቀራትንም ሊወስድባት ማሰፍሰፉ ነው።

ማሽኑ እየዞረ ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው። ሠራተኞቹ ግን ጎኑ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ለመፋቅ በየጊዜው ማጥፋት ስለሚሰለቻቸው ክዳኑን በገመድ ወደ ኋላ ያስሩታል። አለቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ «መርፌ» የምንላት ሴት ጎንበስ ብላ ስትፍቅ የሻሿ ጫፍ በማሽኑ ክንድ ላይ ተጠመጠመና አንገቷን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታት ጀመር። ማጥፊያው ያለው ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ነው። እትዬ የሊጥ መቁረጫዋን እንደያዘች እጆቿን ከታ ሻሹን ቆረጠችው። መርፌ ተረፈች።

መርፌ ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? እትዬን «ዱቄት ትሰርቃለች» ብላ በሐሰት የከሰሰች፣ በሰው ሁሉ ፊት ቦርሳዋን ያስፈተሸቻት ናት! ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን እየሠሩ ሰላም እንኳን አይባባሉም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እትዬ ከሆስፒታል እንደወጣች ሁለት ሊቃውንት መጥተው ከአልጋዋ ግርጌ ተሰየሙ። አንዱ የጸሎት ቤታችን ሰባኪ ነው።

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «እጅሽን የከተተው ፈጣሪ ነው። ሰው በራሱ ለጠላቱ እንዲህ አይሆንም።»

ሌላኛው፣ ባዮሎጂ አስተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድማችን፣ ሳቀበት።

«የምን ፈጣሪ አመጣህ? ደመ ነፍስ ነው። እጅ ከሐሳብ ይቀድማል፤ ዝንጀሮም ያደርገዋል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። አንዳቸውም «ምን አስበሽ ነው?» ብለው አልጠየቋት። እሷ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ ታቃስታለች፣ እነሱ በላይዋ ላይ ይከራከራሉ። የያዝኩትን ሻይ ልደፋባቸው ምንም አልቀረኝም።

ሰባኪው በዚህ አላበቃም። እሑድ የጸሎት ቤቱን አዳራሽ በሞላው ሕዝብ ፊት እንድትመሰክር ጠራት። መርፌን ከፊት ወንበር አስቀምጧታል። ወንድማችንም ሊታዘብ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ሰጣትና፣ «በይ እህቴ፣ ‹እኔ አይደለሁም› በዪ» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

የሰባኪው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ሻሹ ሲጠመጠም ቆሜ አየሁ። ‹ተያት፣ ማን ያውቅብሻል› አልኩ በልቤ። ይህን ስል ራሴን ሰማሁት። እንዲህ የምታስበው ሴት እኔ መሆኔን ሳይ አፈርኩ። ከዚያ ነው እጄን የከተትኩት። ዝንጀሮ በራሱ ያፍር እንደሆነ ወንድሜን ጠይቁት። ራሴን የማይበትን ዓይን ፈጣሪ ሰጥቶኝ ይሆናል፣ አላውቅም። እጄን የከተትኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያመመውም እኔን ነው።»

ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ። እኔ የፈራሁት መርፌን ነበር። ነፍሷን ያዳነቻት ሴት ልትተዋት አስባ እንደነበር በሕዝብ ፊት ሰማች፤ ከእንግዲህ በምን ዓይን ታያታለች?

መርፌ ከወንበሯ ተነሣች።

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔ ዓይንሽን አይቼዋለሁ፤ ቆመሽ ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ እንደቆምኩ እቀር ነበር።»